ቋጠሮው እስኪፈታ

ለፍላፊዋ ዝም ካለች፣ በዚያ መንደር ወይ ሰው ሞቷል ወይ እሷ ራሷ ታማለች። ሌላ ምክንያት አይታሰብም። ስትሸምን ታወራለች፣ ስትበላ ታወራለች፣ በጸሎት ቤት እንኳ ከንፈሯ ሲያርፍ ቅንድቧ ያወራል። ሽማግሌዎቹ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ሲተርቱባት፣ «እኔ ሳወራ ዝንቡ መግቢያ መች አግኝቶ!» ብላ የተቆጧትን ሰዎች ራሳቸውን አስቃቸው ትሄዳለች።

አሁን ግን ዝም ብላለች። የሥራ ጓደኛዋ ጭምቷ በሰፊው የሽመና ዕቃ በቀኝ በኩል፣ ለፍላፊዋ በግራ በኩል ተቀምጠው፣ በመካከላቸው የብርድ ልብሱ ድር ተወጥሮ፣ መወርወሪያው ብቻ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ይመላለሳል። አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ድም አድርገው ይመታሉ። ከሁለቱም አፍ ቃል አይወጣም። ይህ ከሆነ ሳምንታት አለፉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ጭምቷ ዝምታ እንዲህ የሚጮኽ ነገር መሆኑን ተማረች።

መንደሩ የማኅበር መንደር ነው። እርሻው የጋራ ነው፣ ማዕዱ የጋራ ነው፣ ልብሱም ለሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። «እዚህ የግል የሚባል ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም እስኪወልቅ» ትል ነበር ለፍላፊዋ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ነበር። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ በጸሎት ቤት ፊት የእጅ እህት ትሰጣታለች። ሰፊው ዕቃ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ስለማይደርስበት ሁለት ሆነው ይሸምኑበታል፤ በየጧቱም አንዷ የሌላዋን ሰማያዊ መቀነት ወገቧ ላይ ትቋጥርላታለች። የእጅ እህት የሌላ የማንም አይደለችም። ጭምቷንና ለፍላፊዋን መንደሩ «ድርና ማግ» ይላቸው ነበር።

ጭምቷን እናቷ ከሞተች በኋላ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው፤ የሽመና ቤቱ ኃላፊም እሳቸው ናቸው። ለፍላፊዋ ግን አክስትም አጎትም የላትም። በሕፃንነቷ ማን እንዳመጣት ሳይታወቅ ከመንደሩ በር ላይ ተገኘች። ያኔም እያለቀሰች አልነበረም አሉ፤ ለብቻዋ እያወራች ነበር። ከመላው ዓለም «የኔ» የምትለው ሰው ቢኖር፣ ከዚያ ዕቃ በቀኝ በኩል የምትቀመጠው ልጅ ናት።

ታዲያ ምን ለያያቸው? ወንዙ ነው መቼስ። ባለፈው ክረምት ወንዙ የእንጨቱን ድልድይ ጠርጎ ወሰደ፣ ማኅበሩም የድንጋይ ድልድይ የሚሠራ ግንበኛ ከውጭ አስመጣ። ለሠራተኞቹ ውሃ የማድረስ ተራ ለጭምቷ ደረሰ። እሷ ማንቆርቆሪያውን ዘረጋች፣ እሱ ከቅንድቡ ላይ የድንጋይ ብናኝ ጠርጎ ቀና አለ፣ ተያዩ። ከዚያ ወዲያ የውሃ ተራዋ ባልሆነበት ቀንም ወንዙ የሚጠማው መሰላት። ይህንን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእጅ እህቷ።

ከዚያ ለፍላፊዋ በትኩሳት ተያዘች። ለሳምንት ያህል ወድቃ ስትቃዥ አክስትየዋ ሌሊት ሌሊት ከአጠገቧ አልተለዩም። ሳምንቱ ሳያልቅ እኚሁ አክስት ጭምቷን ወንዝ ዳር ከግንበኛው ጋር አገኟት። አንድም ቃል አልተናገሯትም፤ ከሳሽ የሚናገረው በጉባኤ ፊት ብቻ ነው ይላል ሕጉ። ግን ምን መናገር ያስፈልጋል? የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አፉ ወንፊት ነው። ጭምቷ የዚያኑ ዕለት ከሕመምተኛዋ አልጋ ራስጌ ቆማ፣ «ትኩሳትሽ እንኳ ወሬኛ ነው» አለቻት። ለፍላፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ የመጨረሻው ቃላቸው ሆነ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ይቀመጣል። የማኅበሩ መሪ የሆኑት ሽማግሌ ጭምቷን ልቧ የት እንዳለ ይጠይቋታል፤ ቀጥሎም የእጅ እህቷን «ትይዣታለሽ?» ይሏታል። «እይዛታለሁ» ካለች ጭምቷ እስከሚመጣው ዓመት አዝመራ ከመንደሩ አትወጣም። «ለቅቄያታለሁ» ካለች ያኔውኑ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ከመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ካሳደጓትም አክስቷ ጭምር፣ ሰላምታ እንኳ አታገኝም።

ጧት መቀነቷን ስትቋጥርላት ለፍላፊዋ እንደ ሌላው ቀን አልነበረችም። ቋጠሮውን አንዴ አሰረች፣ ደገመች፣ በዚያም ላይ ሌላ ጨመረች፣ የጭምቷ ወገብ እስኪታመም አጠበቀችው። «ልትይዘኝ ነው» ብላ አሰበች ጭምቷ፤ ሳትፈልገውም ዕፎይ አለች።

ከክስ እስከ ጉባኤ ያለው ጊዜ የተከሳሽ ነው፤ ማንም አይከለክላትም። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ጭምቷ ወደ ወንዙ ወረደች። ግንበኛው የድልድዩን የእንጨት ድጋፍ እያወረደ ነበር። ሲያያት መዶሻውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ የማይጠረግ እጅ ነው እንጂ።

«ድልድዩ አለቀ» አለ።

«አለቀ» አለች።

«እንዲህ ቀስ ብዬ ሠርቼ አላውቅም። አለቃዬ ቢያየኝ ኖሮ ከሥራ ያባርረኝ ነበር። አንድ ድንጋይ አስቀምጥና አንቺ የምትመጪበትን መንገድ አያለሁ፣ ሌላ አስቀምጥና አያለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «ሽማግሌውን ጠይቄያቸው ነበር፤ አልነገርኩሽም። ከእናንተ ጋር ልግባ፣ ግራጫውንም ልልበስ፣ እጄንም ለማኅበሩ ልስጥ አልኳቸው። ‹ለሴት ብሎ የመጣ ለእግዚአብሔር አልመጣም፣ ልጄ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምን ብዬ ልከራከር?»

የጭምቷ ዓይን እንባ ሞላ። እሷን ብሎ ተዋርዶ መለመኑን እስካሁን ደብቋት ነበር።

«ዛሬ እህቴን ይጠይቋታል» አለች። «የምትይዘኝ ይመስለኛል። ከያዘችኝ አንድ ዓመት እቀራለሁ። ከዚያ በኋላ…»

«ከዚያ በኋላ ምን?»

«የሚሆነው ይሆናላ።»

ግንበኛው ቀና ብሎ አያት። ቁጣ ቢሆን በተሻላት፤ ያየችው ግን ሐዘን ነበር።

«እንድትይዝሽ ትፈልጊያለሽ» አለ።

«እንደሱ አላልኩም!»

«አላልሽም። ግን ፊትሽ አለው። እሷ ከያዘችሽ እኔን የከለከለችሽ እሷ ናት፤ እሷ ከለቀቀችሽ እህትሽን ያጣሽው በእሷ ነው። አንቺ የለሽበትም።» ዞሮ ወደ ድልድዩ አመለከተ። «ሁለቱም ዳር ላይ ተደግፎ መኖር የሚችለው ይኼ ብቻ ነው፣ የኔ ዓለም። ድንጋይ ስለሆነ ነው። ሰው እንደሱ ልቁም ቢል ወንዙ ይወስደዋል።»

«ጨከንክብኝ።»

«አልጨከንኩም። ብትቀሪ አልቀየምሽም፣ ዕድሜዬን ሙሉ አልቀየምሽም። ግን አንቺ ቅሪ፤ ሌላ ሰው አያስቀርሽ። ብትመጪም አንቺ ነይ። ተለቅቃ የተረፈችኝን ሴት አይደለም የምፈልገው።»

ሰው መልስ ሲያጣ ሌላ ሰው ይወቅሳል፤ ጭምቷም እንደዚያው አደረገች። «ይኼ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው። ባትናገርብኝ ኖሮ…»

«ጠይቀሻታል?»

«ምኑ ይጠየቃል?»

ግንበኛው መዶሻውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ግን አልመታበትም፣ ይዞት ብቻ ቆመ። ጭምቷ ዳገቱን ስትወጣ ጀርባዋ ላይ የሚያርፈው ዓይኑ ከቀትሩ ፀሐይ ይልቅ አቃጠላት።

በጸሎት ቤቱ ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ተቀመጡ። ጭምቷ በመሐል ለብቻዋ ቆመች። ሽማግሌው አጭርና ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ወደፊት ያዘነብላል። ከሳሽን ጠሩ። አክስትየዋ ሁለት የታጠፉ ብርድ ልብሶች በክንዳቸው ይዘው ተነሡ።

«ሰው እንዳይታማ አስቀድሜ ልናገር» አሉ አክስትየዋ። «በዚህች ልጅ ላይ ማንም አልነገረኝም። የነገረኝ ጨርቁ ነው።»

ጭምቷ ወደ ጨርቁ ዞረች።

አክስትየዋ አንደኛውን ብርድ ልብስ ዘረጉ። «ይህ የትኩሳቱ ሳምንት ሥራ ነው። የእጅ እህቷ ስለታመመች በግራ በኩል ሌላ ልጅ ተተክታ ነበር። የተተኪዋን ዳር እዩት፤ ደህና ነው። የልጄን ዳር እዩት።» በቀኝ በኩል ማጉ ላልቶ፣ ዳሩ እንደ ተዛነፈ ጥርስ ወጣ ገባ ብሎ ነበር። «እጇ እዚህ ነው፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ይህንን አይቼ ነው የተከተልኳት። ከዚያ በፊት ግን ሥራዋ እንከን አልነበረበትም። ይኸው፣ የበፊቱ።» ሁለተኛውን ዘረጉ። «እናቷ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው። ዝም ብል የጉባኤውን ሕግ እበድላለሁ፣ ብናገር እህቴን። ተናገርኩ።»

ጭምቷ የአክስቷን የመጨረሻ ቃላት በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። ዓይኗ ሁለተኛው ብርድ ልብስ ላይ ተተክሏል። ከወራት በፊት፣ የውሃ ተራዋን ሰበብ አድርጋ ወንዝ መመላለስ በጀመረችበት ጊዜ የተሠራ ነው። ያኔም እጇ ልል ነበር፤ እንዴት እንደነበር እሷ ታውቃለች። ጨርቁ ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ጠብቋል። ቀረብ ብላ የቀኙን ዳር በጣቷ ነካችው። በየመመለሻው ላይ ክሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠምዘዝ ብሏል። እንዲህ የሚጠመዝዝ በመንደሩ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የለፍላፊዋ ግራ እጅ። የሷ ዳር ግን በግራ በኩል ነበር። እዚህ በቀኝ ምን ይሠራል?

ያኔ አንድ ድምፅ ትዝ አላት። ልጃገረዶቹ የሚተኙት ከሽመና ቤቱ በላይ ነው። በእነዚያ ወራት ጎህ ሲቀድ፣ በእንቅልፍ ልቧ፣ ከወለሉ በታች ድም ሲል ትሰማ ነበር። ከዚያ ዝም ይላል፣ እግር ይሰማል፣ ከዚያ እንደገና ድም ይላል። አክስቷ ቤቱን እያሰናዱ ነው ብላ ተገላብጣ ትተኛ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን በሰፊው ዕቃ ላይ ሲሸምን እንደዚያ ነው፤ ይወረውራል፣ ተነሥቶ ዞሮ ማዶ ይሄዳል፣ ይቀበላል፣ ይመታል።

ቀና ስትል ለፍላፊዋ ጣሪያውን እያየች ነበር። የቤቱ ጣሪያ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «ልብሽ የት ነው?»

ጭምቷ ጧት ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። ‹አላውቅም አባባ፣ እህቴን ጠይቋት› ልትል ነበር። አሁን ያ መልስ አፏ ውስጥ አፈር ሆነ።

«ወንዙ ማዶ ነው፣ አባባ» አለች። የራሷን ድምፅ ራሷ ሰማችው። «እወደዋለሁ። መሄድ እፈልጋለሁ። ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን እህቴ ከያዘችኝ ዓመቱን ሙሉ ቅር ሳይለኝ እቀራለሁ። እሱን ስለማልወደው አይደለም። እሷን ሳልጠይቅ የፈረድኩባት ስለሆንኩ ነው።»

ወንበሮቹ ላይ ሹክሹክታ አለፈ። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አበረዱትና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ? ትይዣታለሽ? ከመመለስሽ በፊት ሕጉን ልድገምልሽ። የለቀቀች እጅ ሌላ እጅ አይሰጣትም። ዕድሜሽን ሙሉ ብቻሽን ትሸምኛለሽ።»

ለፍላፊዋ ተነሣች። «አባባ፣ መጀመሪያ ትንሽ ላውራ?»

«መች ተከልክለሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ሽማግሌው፤ አንዳንድ ሰዎች ሳይፈልጉ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ያ ደህናው ብርድ ልብስ በሁለቱም በኩል የኔ ነው። ልቧ ወንዝ ከወረደ ጀምሮ እሷ የላላ ትሠራለች፣ እኔ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ እፈታውና እንደገና እሸምነዋለሁ። ማታለል ነው፤ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ለምን አደረግሽው ካላችሁኝ፣ እንዳትሄድብኝ ነው። ጨርቁ ደህና ከመሰለ እሷም ያለች ይመስለኝ ነበር።» አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ግን በእሷ ወንበር ላይ መቀመጥ ክፉ ነገር ነው፣ አባባ። ተቀምጬ አየሁት። ቦታዋ አለ፣ እሷ የለችም። ብይዛት መቀነቷን ነው የምይዘው። እኔ ደግሞ ሰው የሌለበት መቀነት ይዤ ምን አደርጋለሁ?»

«ስለዚህ?»

ለፍላፊዋ ጭምቷን አየቻት። በስንት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ቂም ቢኖር ለጭምቷ እንዴት በቀለላት!

«ለቅቄያታለሁ» አለች።

ጭምቷ የፈለገችውን ሁሉ በአንድ ቃል አገኘች፤ በዚያው ቃል እህቷን አጣች።

አክስትየዋ እስከ መንደሩ በር ድረስ አብረው መጡ። ስመዋት፣ አንገቷን ይዘው ቆይተው፣ «እናትሽን ትመስያለሽ» ብቻ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተመለሱ። በበሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ወግ ነው፤ የቋጠረች እጅ ትፈታለች። ቋጠሮው እስኪፈታ ድረስ መነጋገር ይችላሉ። ከተፈታ በኋላ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ቃል የለም።

ለፍላፊዋ ተንበረከከችና ቋጠሮውን ያዘች። ዓይኗን ጨፍና በአንድ እጇ የምትፈታው ነገር ነበር። ዛሬ ግን ጧት አጥብቃው ነበርና ጣቷ አልገባም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ጭምቷ እያለቀሰች። «ስሰድብሽ፣ ስኮራብሽ፣ ለምን አላስተባበልሽም?»

«ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር። ፈረድሽ እንጂ መች ጠየቅሽ? እኔም ኮራሁ። ለካ መኩራትም እችላለሁ! ዝም ማለት እንዴት ያደክማል እባክሽ፣ እናንተ ጭምቶች እንዴት ነው የምትኖሩት?» አንዱ ቋጠሮ ላላ። «ስሚኝ። ብርድ ሲሆን ደረትሽን ሸፍኚ፣ ሳል ይጀምርሻል። ሲከፋሽ ዝም አትበይው፣ ዝምታሽን ወንድ አይችለውም፤ እኔ ነበርኩ የምችለው። ልጅ ስትወልጂ ወሬኛ ከሆነች በእኔ እንደወጣች ቁጠሪልኝ።» ሁለተኛው ላላ። «ግንበኛው ደህና ሰው ነው። ውሃ ስትሰጪው ቅድሚያ ለረዳቶቹ ሲያሳልፍ አይቼዋለሁ። እስኪናደኝ ድረስ ደህና ነው።»

«ልቅር» አለች ጭምቷ። «ልመለስና ልቅር።»

«ተይ እንግዲህ!» ለፍላፊዋ ቀና ሳትል ሳቀች፤ እንባዋ መቀነቱ ላይ ጠብ አለ። «ጎህ ሲቀድ መነሣት ሰልችቶኛል። ሂጂ።»

«እንዲህ ማጥበቅሽን ሳይ ልትይዢኝ ነው ብዬ ነበር። ለምንድን ነው ያጠበቅሽው?»

የለፍላፊዋ ጣቶች ቆሙ።

«ጧት ስቋጥርልሽ እንደምለቅሽ አውቄያለሁ» አለች። «መነጋገር የሚቻለው ቋጠሮው እስኪፈታ ነው አይደል? እኔ ለፍላፊ ነኝ። ብዙ የማወራው ነበረኝ።»

ከዚያ ቀና ብላ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ የመጨረሻው ቋጠሮ ግን በእጇ ውስጥ ለቀቀ። መቀነቱ ከጭምቷ ወገብ ላይ ወረደ። ለፍላፊዋ የተከፈተ አፏን ቀስ ብላ ዘጋች፣ መቀነቱን ደረቷ ላይ አጥፋ ይዛ ተነሣች፣ ወደ ሽመና ቤቱም ሄደች። ዞራ አላየችም፤ ብታይ ትናገር ነበርና።

ግንበኛው ከድልድዩ ማዶ ቆሟል። ሊቀበላት አልመጣም፣ አልጠራትምም። ጭምቷ የራሷን እግር ራሷ እያነሣች መጣች። ማዶው ዳር ስትደርስ እጁን ዘረጋላት፣ ያዘችው፤ ሻካራ ነበር፣ ሞቅ ያለ ነበር፣ የመረጠችው ነበር።

ያኔ ከመንደሩ በኩል ድም አለ።

ጭምቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ከድምፁ በኋላ ዝምታ ሆነ።

«እንሂድ?» አላት ግንበኛው በቀስታ።

«ቆይ» አለች፣ እጁን አጥብቃ እንደያዘች። «ዞራ እስክትደርስ።»

እሱም ጠበቀ። ሁለቱም ወደ ኋላ እያዩ፣ አንዲት ሴት ከሰፊ ዕቃ አንድ ዳር ተነሥታ በእግሯ ወደ ሌላው ዳር የምትሄድበትን ያህል ጊዜ ቆሙ። ከዚያ እንደገና ድም አለ።

«አሁን እንሂድ» አለች ጭምቷ።